በአሥር ደቂቃ ስንት ጊዜ? ምጥን መቁጠር በደሴና በኮምቦልቻ

ምጥ የያዛት ሴት ጤና ተቋም ስትደርስ ከሚደረግላት ምርመራ ሁሉ ምንም ወጪ የማይጠይቅ አንድ አለ። አዋላጇ መዳፏን ከእናቲቱ ሆድ የላይኛው ክፍል ላይ ታሳርፍና ሰዓት እያየች በአሥር ደቂቃ ውስጥ ምጡ ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ በመጣ ቁጥርም ስንት ሰኮንድ ቆይቶ እንደለቀቀ ትቆጥራለች። መብራት ቢጠፋ ይሠራል፤ ጥገናም ሆነ መለዋወጫ አያስፈልገውም። የሚጠይቀው አሥር ሙሉ ደቂቃ ነው። ሦስትና አራት እናቶች በአንድ ጊዜ በሚያምጡበት የማዋለጃ ክፍል ግን አሥር ደቂቃ አንዲት እናት አጠገብ መቀመጥ ከባድ ነው። ስለዚህ ቆጠራው በቀላሉ ይታለፋል፤ ወይም ለሁለት ደቂቃ ታይቶ በአምስት ይባዛል።

ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልናገር። ለማዋለጃ ክፍሎቻችን ምን ይገዛላቸው የሚል ውይይት በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚጠቀሰው ማሽን ነው። እኔ ደግሞ ጤነኛ እናት በተፈጥሮ ምጥ ላይ ስትሆን ቀድሞ መሟላት ያለበት የአዋላጇ ጊዜ ነው እላለሁ። ይህን ለማለት የሚያበቃኝ ማኅፀን እንዴት እንደሚሠራና እስከ ዛሬ እንዴት ሲለካ እንደኖረ ነው።

ማኅፀን ሲያምጥ ምን ያደርጋል?

ማኅፀን ጡንቻ ነው። ምጡ የሚነሳው ከላይ፣ ከማኅፀኑ አናት አካባቢ ሲሆን ወደ ታች እየወረደ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ መላውን ማኅፀን ያዳርሳል። ከሁሉ በርትቶና ረዝሞ የሚቆየውም እላይ ነው። አዋላጇ እጇን ከእምብርት በላይ የምታሳርፈው ለዚህ ነው። ምጡ ለቀቀ ስንል የላይኛው ጡንቻ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያጠረ ይቀራል። በዚህ መንገድ የማኅፀኑን በር ወደ ላይ እየሳበ ይከፍተዋል፣ ሕፃኑንም ወደ ታች ይገፋዋል።

በሁለት ምጥ መካከል ያለው ዕረፍትም ሥራ አለው። ጡንቻው ሲጨመደድ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው የእናት ደም ይቀንሳል፣ ሲላላ ደግሞ ይመለሳል። ሕፃኑ አየር የሚያገኘው ከዚያ ደም ነው። በአሥር ደቂቃ ሦስት ወይም አራት ጊዜ የሚመጣ ምጥ ለሕፃኑ በቂ ፋታ ይሰጠዋል። ስድስትና ሰባት ጊዜ ሲመጣ ፋታው ይጠፋል። እንግዲህ ቆጠራው ምጡ በቂ መሆኑን ብቻ ሳይሆን ከልክ ማለፉንም የሚነግረን ነው፤ ይህ ሁለተኛው ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ከፊኛ እስከ ቀበቶ

ምጥን በመሣሪያ ለመለካት የተጀመረው ዛሬ አይደለም። ፍሪድሪክ ሻትስ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1872 ፊኛ ማኅፀን ውስጥ አስገብቶ ግፊቱን መዝግቧል። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ጆን ብራክስተን ሂክስ ምጥ ሳይሆን በእርግዝና ወራት የሚመጣውንና የሚሄደውን መኮማተር ገለጸ። እናቶቻችን የውሸት ምጥ የሚሉት እሱን ነው።

ትልቁ እርምጃ የመጣው ከኡራጓይ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሮቤርቶ ካልዴይሮ ባርሲያና ኤርሞሄኔስ አልቫሬስ በሞንቴቪዴዮ ከተማ ቀጭን ቱቦ ወደ ሽርት ውሃው አስገብተው የእያንዳንዱን ምጥ ግፊት በሚሊሜትር ሜርኩሪ ለኩ። እስከ ዛሬ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የሞንቴቪዴዮ መለኪያ ስሙን ያገኘው ከዚህች ከተማ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የመጣው እያንዳንዱ ምጥ ከዕረፍቱ ግፊት በስንት እንደጨመረ ታይቶ ይደመራል። አራት ምጥ መጥቶ እያንዳንዱ በ50 ቢጨምር 200 ይሆናል። ብዙውን ጊዜ በቂ የሚባለው ምጥም ከ200 የሚጀምረው ነው።

ከእነዚሁ ሰዎች ሥራ ለእኛ የሚጠቅመው ሌላ ግኝት ነው። ግፊቱ 10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ካለፈ ምጡ በእጅ ይታወቃል። እናቲቱ እንደ ሕመም የሚሰማት አብዛኛውን ጊዜ 15 ሲያልፍ ነው። እስከ 40 ድረስ የማኅፀኑ ግድግዳ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ ከ40 በላይ ግን ጣትን ይመልሳል። እጅ እንግዲህ ከእናቲቱ ሕመም ቀድሞ ያውቃል፣ ከለቀቃት በኋላም ትንሽ ይከተላል። ብርታቱንም በግምት ይለያል። አዋላጆች በትምህርት ቤት ይህን የሚማሩት በራሳቸው ፊት ላይ ነው፤ ሲጫኑት እንደ አፍንጫ ጫፍ የሚለሰልስ ደካማ፣ እንደ አገጭ ያለ መካከለኛ፣ እንደ ግንባር የጠነከረ ብርቱ ምጥ ይባላል።

ታዲያ ውስጥ የሚገባውን ቱቦ ለምን ሁሉም ቦታ አንጠቀምበትም? ቱቦው የሚገባው የሽርት ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው፤ አልፎ አልፎም ማኅፀንን ወይም እንግዴ ልጅን ሊጎዳ ይችላል። ይህን ሁሉ ከፍለን ምን እናተርፋለን የሚለውን ኔዘርላንድስ ውስጥ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት መልሶታል። ምጣቸው በመድኃኒት የተጀመረላቸው ወይም የተፋፋመላቸው 1,456 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በውስጥ ቱቦ፣ ግማሾቹ ሆድ ላይ በሚታሰር ቀበቶ ተለኩ። በቀዶ ሕክምና ወይም በመሣሪያ የወለዱት በቱቦው 31.3 በመቶ፣ በቀበቶው 29.6 በመቶ ሆኑ። ለውጥ የለም ማለት ነው። በሕፃናቱ ጤና ላይም ልዩነት አልታየም።

በትልልቅ ሆስፒታሎች የምናየው ቀበቶ የምጡን መምጣትና መሄድ ይመዘግባል። ብርታቱን ግን አያውቅም፤ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ጉብታ ቁመት ቀበቶው በጠበቀና በላላ ቁጥር ይለዋወጣል። እናቲቱ ስትገላበጥ ይንሸራተታል፣ ሆዷ ወፍራም ከሆነም በደንብ አይዝም። አሁን አሁን የማኅፀንን ኤሌክትሪክ ምልክት ከቆዳ ላይ የሚያነቡ ተለጣፊ መሣሪያዎች መጥተዋል፤ በወፍራም ሴቶችም ከቀበቶው የተሻለ ያነባሉ። ተስፋ አላቸው፤ ዋጋቸው ግን ለጤና ጣቢያ ገና ሩቅ ነው።

የሕፃኑን ልብ ምትና ምጡን አንድ ላይ ያለማቋረጥ የሚመዘግበውን ማሽን በተመለከተ ደግሞ ከ37,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው 13 ጥናቶች አንድ ላይ ተገምግመዋል። በየተወሰነ ጊዜ በጆሮ ከማዳመጥ ጋር ሲነጻጸር ማሽኑ በአራስ ሕፃናት ላይ የሚታየውን የሚጥል ሕመም በግማሽ ቀንሷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሕፃናትን ሞትም ሆነ የአንጎል ጉዳትን ግን አልቀነሰም፣ በቀዶ ሕክምና የሚወልዱትን ደግሞ አብዝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) መመሪያው ምጧ በራሱ ለመጣ ጤነኛ እናት ያልተቋረጠ የማሽን ክትትል አይመከርም ያለው በዚህ የተነሳ ነው። ሕመም ላለባት፣ ደም ለሚፈሳት፣ ምጡ በመድኃኒት ለሚገፋ እናት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለእሷ ማሽኑ ካለ ይግባ።

ጩኸት መለኪያ አይደለም

ምጡ መጣ ወይ ብሎ እናቲቱን መጠየቅ ቆጠራ አይደለም። ወሎ ውስጥ የሚታወቅ ነገር ነው፤ አንዷ ስታምጥ ጎረቤት እስኪሰማ ትጮኻለች፣ ሌላዋ ነጠላዋን ነክሳ ድምፅ ሳታሰማ ትወልዳለች። ዝምተኛዋ ደህና ናት ተብላ የመታለፍ ዕድሏ ሰፊ ነው። በተለይ ከገጠር የመጣች፣ ባለሙያውን የምታፍር፣ እንዳትቆጣ ብላ ሕመሟን የምትውጥ ሴት እጅ ካልተጫነባት ምጧ የት እንደደረሰ ማንም አያውቅም። ወንድ አዋላጅ ሲሆን ደግሞ ዝምታዋ ይብሳል። እናቲቱን አስፈቅዶ እጅን ማሳረፍ፣ የሚደረገውንም ነግሮ መጀመር የልኬቱ አካል መሆን ያለበት ለዚህ ነው፤ የተጨነቀ ሆድ ደግሞ ሳይኮማተርም ይደድራል።

ወረቀቱ ምን ይላል?

የተቆጠረው የሚጻፍበት ቅጽ ፓርቶግራፍ ነው። መሠረቱን የጣለው እ.ኤ.አ. በ1954 የማኅፀን በር አከፋፈትን በመስመር የሣለው ኢማኑኤል ፍሪድማን ነው። በ1972 ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች በዛሬዋ ዚምባብዌ የማስጠንቀቂያና የእርምጃ መስመሮችን ጨመሩበት። ሐኪም በሌለበት ቦታ አዋላጅ እናቲቱን መቼ ወደ ሆስፒታል እንደምትልክ እንድታውቅ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከእኛ ሁኔታ ጋር የሚስማማውም ስለዚህ ነው። የምጡ ቁጥር በየግማሽ ሰዓቱ አምስት ትንንሽ ሳጥኖች ባሉት ረድፍ ላይ ይሞላል። ከ20 ሰኮንድ በታች የቆየ ምጥ በነጠብጣብ፣ ከ20 እስከ 40 የቆየ በሰያፍ መስመር፣ ከ40 በላይ የቆየ ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ በማጥቆር ይታያል።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ወረቀት በኢንዶኔዥያ፣ በማሌዥያና በታይላንድ 35,484 ሴቶች ላይ ሞክሮ ውጤቱ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ሲታተም ከ18 ሰዓት በላይ የሚቆይ ምጥ ከ6.4 ወደ 3.4 በመቶ ወርዶ ተገኘ። በመድኃኒት የሚፋፋመውም ከ20.7 ወደ 9.1 በመቶ ወረደ። ኋላ የተሰበሰቡ ጥናቶች ግን ወረቀቱ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንደሚያመጣ አላረጋገጡም። ለእኔ ይህ አያስገርምም። እናቲቱ ከወለደች በኋላ ለማሟላት ያህል የሚሞላ ፓርቶግራፍ ማንንም አያድንም።

ድርጅቱ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) አዲስ የምጥ መከታተያ ቅጽ አውጥቷል። ምጡ ገፍቷል የሚባለው የማኅፀኑ በር 4 ሳይሆን 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ሆኗል። በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር የሚለው የጥንት ሕግ ለሁሉም ሴት እንደማይሠራ ታምኖ ቀርቷል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ለምሳሌ እስከ 6 ሰዓት መቆየት ይፈቀዳል። በዚህም ምክንያት የምጡ ቁጥር ክብደት ጨምሯል። ቀድሞ በሩ ስለዘገየ ብቻ ትቸኩል የነበረች አዋላጅ አሁን በደንብ እየቆጠረችና የሕፃኑን ልብ እያዳመጠች መታገሥ አለባት። በአዲሱ ቅጽ በአሥር ደቂቃ ሁለት ወይም ከዚያ በታች፣ ወይም ከአምስት በላይ የመጣ ምጥ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሆኖ ይከበባል። ከ20 ሰኮንድ ያነሰ ወይም ከ60 የበለጠም እንዲሁ። የሕፃኑ የልብ ምት በደቂቃ ከ110 በታች ወይም 160ና ከዚያ በላይ ከሆነም እንዲሁ። ቅጹ እናቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት መኖሩንም ይጠይቃል፤ ይህ ጥያቄ ከልብ ምት ጋር በአንድ ወረቀት ላይ መስፈሩ ደስ ያሰኛል።

ምጡ ሲቆም

ሰው ሊያውቀው የሚገባ አስፈሪ ነገር አለ። ሕፃኑ አልወርድ ካለ፣ በትልቅነቱ ወይም በአመጣጡ ምክንያት መንገዱ ካልበቃው፣ ማኅፀኑ ይታገላል። የመጀመሪያዋ ለሆነች እናት ብዙውን ጊዜ ምጡ እየደከመ ይሄዳል። ከዚህ በፊት ለወለደች ግን እየበረታ፣ እየተቀራረበ፣ ፋታ እያጣ ይመጣል፤ ከዚያም በድንገት ቀጥ ሊል ይችላል። ቤተሰብ "ተመስገን፣ አረፈች" ሊል ይችላል። ማኅፀኑ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። በየግማሽ ሰዓቱ የተቆጠረ ወረቀት ካለ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት እያለ የወጣው ቁጥርና ያልተንቀሳቀሰው የማኅፀን በር ጎን ለጎን ይታያሉ። አደጋው ሳይደርስ ሰዓታት ቀድሞ ይታወቃል ማለት ነው። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ የሚታወቀው እናቲቱ ስትገረጣ ነው። ከሞት የተረፉትንም የታገደው ምጥ ለፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት ወይም ሰገራ ያለማቋረጥ ለሚያፈስ ቀዳዳ፣ ሊዳርጋቸው ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የመርፌው ነገር ነው። "ምጡን አፋጥኑላት፣ መርፌ ውጓት" እያለ የሚማጸን ቤተሰብ ብዙ ነው፤ በፍቅር ነው የሚለው። ምጥ የሚያፋፍመው መድኃኒት ኦክሲቶሲን ከመውለድ በፊት የሚሰጠው በግሉኮስ ወይም በሌላ ፈሳሽ ተበጥብጦ በደም ሥር፣ ጠብታው እየተቆጠረ ብቻ ነው። በጡንቻ የሚወጋው 10 ዩኒት ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ደም እንዳይፈስ ነው። ቀድሞ በጡንቻ ከገባ መልሶ ማውጣት አይቻልም፤ ማኅፀኑ ያለፋታ ይጨመደዳል። በጠብታ ሲሰጥም ምጡ በአሥር ደቂቃ ከአምስት በላይ ከሆነ ጠብታው መቆም አለበት። ያልቆጠረ ሰው ይህን በምን ያውቃል? የሚቆጥር ሰው ከሌለ ጠብታው ባይጀመር ይሻላል፤ በዚህ ላይ ምንም ማመንታት የለኝም።

ሐረጎን የምትወጣ አምቡላንስ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቁጥር ቅርብ ነው፤ ግን ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,500 የሚጠጋ ከፍታ መውጣት ነው፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ፣ በክረምት በጉም ውስጥ፣ ከከባድ መኪና ኋላ። ከቃሉና ከአልብኮ ወረዳዎች ቀበሌዎች ለምትመጣ እናት እዚህ ከመድረሷ በፊት የተጓዘችው የእግርና የቃሬዛ መንገድ አለ። በሌላኛው በኩል ከኩታበርና ከተሁለደሬ የሚመጡት አሉ። ብዙዎቹ ከባድ ምጦች ማረፊያቸው ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ደሴ ላይ ለሚጠብቀው ሐኪም የሚጠቅመው "ምጡ አልገፋም" የሚል አንድ መስመር ሳይሆን ከጤና ጣቢያው የመጣ የተሞላ ቅጽ ነው። ምጡ ሁለት ስለሆነ ነው ያልገፋው ወይስ አምስት ሆኖም አልገፋም? የመጀመሪያው በጠብታ ሊስተካከል ይችላል፤ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ ይችላል። ያ ቁጥር ከሌለ ሆስፒታሉ ከዜሮ ይጀምራል፣ እናቲቱ ደግሞ የቀራት ጊዜ ላይኖር ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ከተያዙበት ከጥቅምት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ የሆነውን የአካባቢው ሰው አይረሳም። የደሴው ሆስፒታል ተዘርፏል፣ መሣሪያዎቹ ተወስደዋል፣ የቀሩትም ተሰባብረዋል። በዚያ ወር ሴቶች መውለዳቸውን አላቆሙም። ማሽን ይወሰዳል፣ ይበላሻል፣ ቴክኒሻን እስኪመጣ ወራት ይቆማል። የሠለጠነ እጅ ባለበት ይሠራል። ስለዚህ መሣሪያ ይተካ ሲባል ተገቢ ነው፣ መተካትም አለበት፤ ከጎኑ ግን የአዋላጆች ቁጥር፣ የፈረቃ ርዝመትና የሥራ ላይ ሥልጠና በጀት ካልተያዘ የጎደለው አይሞላም።

አገራዊ አኃዙም ይህንኑ ያሳያል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 48 በመቶ ደረሱ። በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በነጻ አገልግሎት፣ በአምቡላንስ፣ በየጤና ጣቢያው በሚዘጋጀው ገንፎ የተገኘ ትልቅ ውጤት ነው። በሦስት ዓመት እጥፍ ሊሆን የተቃረበውን ቁጥር የሚያስተናግደው እጅ ግን በዚያው ልክ ጨምሯል ማለት ይቸግራል።

ቤት ውስጥ መቁጠር

የኮምቦልቻን ኢንዱስትሪ ፓርክና ፋብሪካዎች አስቡ። ከገጠር መጥተው ከጓደኛ ጋር ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ እናት አጠገባቸው የሌለች፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ወጣት ሴቶች አሉ። ሰፈር ውስጥ ቢሆኑ አንዷ ጎረቤት "ማርያም ማርያም" ስትል ሌላዋ ዱዓ ታደርግላቸው፣ ከመካከላቸውም አንዷ አዋቂ ምጡን ትለይላቸው ነበር። ለእነዚህ ሴቶች ቆጠራ በስልክ ሰዓት ሊማሩት የሚችሉት ነገር ነው። እጅን ከእምብርት በላይ ማሳረፍ፤ ሆዱ መጠንከር የጀመረበትን ሰዓት መያዝ፤ ሲላላ ስንት ሰኮንድ እንደቆየ ማየት፤ ከዚያ የሚቀጥለው የጀመረበትን መያዝ። የሚቆጠረው ከመጀመሪያ እስከ መጀመሪያ ነው። የውሸት ምጥ ሥርዓት የለውም፤ ሲሄዱ ወይም ሲተኙ ይጠፋል፤ አይበረታም። እውነተኛው እየተቀራረበ፣ እየረዘመ ይመጣል።

በሌላ አገር በየአምስት ደቂቃው እየመጣ አንድ ሰዓት እስኪሞላው ቤት ቆዪ ይባላል። ያ ምክር ሆስፒታሉ አሥር ደቂቃ ለሚርቃት ሴት ነው። አምቡላንስ መጠበቅ ላለባት፣ ዳገት መውጣት ላለባት፣ ከዚህ በፊት ለወለደችም ምጡ ሥርዓት ከያዘ ብቻውን የመነሻ ምክንያት ነው። ሩቅ ቀበሌ ያለች እናት ደግሞ ቀኗ ሲቃረብ ጤና ጣቢያው አጠገብ ባለው የእናቶች ማቆያ ብትሰነብት ይሻላል። ደም ከፈሰሰ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ከሆነ ቆጠራ የለም፤ ወዲያው መሄድ ነው።

ያ በስልክ የተያዘ ማስታወሻ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ለአዋላጇ ይነገር። ምጡ መቼ ጀመረ፣ በስንት ደቂቃ ልዩነት ይመጣል፣ ስንት ሰኮንድ ይቆያል። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አብሮ ይባል፤ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የጀመረ ምጥ በፈረንጅ ጠዋት 8 ሰዓት ጀመረ ተብሎ ከተጻፈ ስድስት ሰዓት ያህል ከምጡ ዕድሜ ላይ ይጠፋል።